ከብረት ዱቄት የታተመ የሞልድ ኮር፦ ከዲዛይኑ እስከ ውሃው

ይህ ጽሑፍ ጅማና አካባቢዋ ላይ በኢንጀክሽን ማሽን ፕላስቲክ ለሚያመርቱ፣ ሞልድ ለሚሠሩና ለሚጠግኑ ሰዎች ነው። የምንናገረው በሌዘር ከብረት ዱቄት ስለሚታተም ኮር፣ ማለትም የምርቱን ውስጥ ስለሚቀርጸው የሞልድ ክፍል ነው። ዱቄቱ 0.03 ወይም 0.04 ሚ.ሜ ውፍረት ባለው ንብርብር ይዘረጋል፣ ሌዘሩ ብረት መሆን ያለበትን ቦታ ብቻ ያቀልጣል፣ ከዚያ ሌላ ንብርብር ይዘረጋል። በዚህ መንገድ የውሃ ቦዩ በትራፓኖ ቀጥ ብሎ ከመበሳት ይልቅ የምርቱን ቅርጽ እየተከተለ መጠማዘዝ ይችላል። ጥቅሙ እሱ ነው። ሌላውን ቶርኖና ፍሬዛ በርካሽ ይሠሩታልና ሙሉ ሞልድ ማሳተም ገንዘብ መጣል ነው።

እኛ ዲዛይኑን ጅማ ላይ እንሠራለን፣ ማተሙን ውጭ አገር ላለ አታሚ እንልካለን፣ ቁራጩ ሲመጣ ልኩን ማውጣቱን፣ ማጠንከሩንና ሞልድ ላይ መግጠሙን እዚሁ እንጨርሳለን። በዚህ አሠራር ኮር የሚበላሸው በህትመቱ ምክንያት እምብዛም አይደለም። ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፦ ቦዩ ውስጥ የቀረ ዱቄት፣ ቅደም ተከተሉን የሳተ ማሽኒንግና የቆሸሸ ውሃ።

ቁጥሮቹ እንዲያያዙ አንድ ምርት ይዘን እንሂድ፦ 100 ግራም ማር የሚይዝ የፖሊፕሮፒሊን ኩባያ። የውስጥ ዲያሜትሩ 40 ሚ.ሜ፣ ጥልቀቱ 55 ሚ.ሜ፣ ግድግዳው 1.6 ሚ.ሜ፣ ክብደቱ 12 ግራም ገደማ፣ ሞልዱ ባለ 4 ካቪቲ (የኩባያውን ውጭ የሚቀርጽ ጎድጓዳ)። ኮሩ ከ15 ሚ.ሜ መሠረቱ ጋር 70 ሚ.ሜ ይቆማል።

ከማዘዝ በፊት መለካት

ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በተለመደው ፍጥነቱ ከሠራ በኋላ ሞልዱ እንደተከፈተ አቁሙት፣ በሩን ክፈቱና የኮሩን ጫፍ፣ የኮሩን ወገብና የካቪቲውን ግድግዳ በንክኪ ቴርሞኮፕል ለኩ። ያላችሁ የጨረር ቴርሞሜትር ከሆነ ተጠንቀቁ፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ አድርጎ ያነባል። ትንሽ የማስኪንግ ቴፕ ለጥፋችሁ ቴፑን ብትለኩ ይሻላል።

ኩባያ ላይ ፕላስቲኩ የሚገባው ከታች መሃል ላይ ስለሆነ የቀለጠው ፕላስቲክ በቀጥታ የሚመታው የኮሩን ጫፍ ነው። ካቪቲው 40 ዲግሪ ላይ ሆኖ የኮሩ ጫፍ 70 ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። ይህ ስንት ሰከንድ እንደሚያስከፍል በተለመደው የማቀዝቀዣ ቀመር ይሰላል። ፕላስቲኩ በ220 ዲግሪ ገብቶ መካከሉ 90 ሲደርስ ይውጣ ብንል፣ ሁለቱም ፊት 40 ቢሆኑ 4.6 ሰከንድ ይበቃል፤ ሁለቱም 70 ቢሆኑ 6.9 ሰከንድ ይፈጃል። እውነተኛው ሞልድ በሁለቱ መካከል ነው። ከዑደቱ ላይ 1.5 ሰከንድ ቢቀነስ 12 ሰከንድ የነበረው 10.5 ይሆናል፣ በሰዓት 300 ምት ወደ 342 ይወጣል፣ በ4 ካቪቲ በሰዓት 168 ተጨማሪ ኩባያ ማለት ነው። የግድግዳ ውፍረት በዚህ ቀመር ውስጥ በካሬ ስለሚገባ ግድግዳው እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ኩባያው ሳያስፈልግ ወፍራም ከሆነ መጀመሪያ ያንን አስተካክሉ፤ ከማንኛውም ኮር ይረክሳል።

ሁለት ነገር ደግሞ አረጋግጡ። አንደኛ፣ ማሽኑ ለሚቀጥለው ምት ጥሬ ዕቃውን አቅልጦ የሚያዘጋጅበት ጊዜ ከማቀዝቀዣው ጊዜ የሚረዝም ከሆነ ኮሩ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ ዑደቱ አያጥርም። ሁለተኛ፣ ቀላሉን መፍትሔ ሞክሩ። በ40 ሚ.ሜ ኮር ውስጥ 16 ሚ.ሜ ቀዳዳ በስቶ መካከሉን በናስ ላሜራ በመክፈል ውሃው በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው እንዲወርድ ማድረግ እዚሁ በአንድ ቀን ይሠራል። ይህ የጫፉን ሙቀት ወደ 50 ካወረደው ማሳተም አያስፈልግም። ሙቀት በደንብ የሚያስተላልፍ የመዳብና የቤሪሊየም ቅይጥ ጫፍ መግጠምም ሌላ መንገድ ነው፤ ነገር ግን የቤሪሊየም አቧራ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ደረቁን በፍጹም አትሞርዱት፣ አትፍጩት።

እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ጫፉ አሁንም ከካቪቲው በ20 ዲግሪ የሚበልጥ ከሆነ፣ ወይም ኩባያው በማዕዘኑ እየተጣመመ የሚወጣ ከሆነ፣ ያኔ ህትመቱ ዋጋውን ይመልሳል።

ብረቱ

ለሞልድ በብዛት የሚታተመው ማሬጂንግ ብረት ነው፣ ቁጥሩ 1.2709። ካርቦን የለውም ማለት ይቻላል፤ 18 በመቶ ገደማ ኒኬል፣ 9 በመቶ ገደማ ኮባልት፣ 5 በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም አለው። ከህትመት ሲወጣ ጥንካሬው በሮክዌል ሲ የጥንካሬ መለኪያ ከ33 እስከ 37 ነው፤ በካርባይድ መሣሪያ እንደ ልብ ይቆረጣል። ከዚያ በ490 ዲግሪ ለ6 ሰዓት ሲቆይ ከ50 እስከ 54 ይደርሳል። ዘይት ወይም ውሃ ውስጥ መንከር የለበትም፣ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ አይጣመምም። ለእኛ ሁኔታ የሚመቸው በዚህ ነው።

ሁለት ድክመት አለው። ሙቀት የሚያስተላልፈው ከተለመደው የሞልድ ብረት ባነሰ ሁኔታ ነው፣ ከተጠነከረ በኋላ በሜትር በዲግሪ 20 ዋት ገደማ። ስለዚህ ቦዩ ከቆዳው (ፕላስቲክ ከሚነካው የኮሩ ፊት) ከራቀ ጥቅሙ ይጠፋል። ሁለተኛው ደግሞ ይዝጋል። ዝገት የሚያሳስባችሁ ከሆነ 17-4 የሚባለውን የማይዝግ ብረት ማሳተም ይቻላል፤ ጥንካሬው 40 አካባቢ ይቀራል፣ ለፖሊፕሮፒሊን ግን ይበቃል። ኤች13 የለመድነው የሞልድ ብረት ቢሆንም ቁራጩ የሚታተምበት ሳህን በብዙ መቶ ዲግሪ ቀድሞ ካልሞቀ ስለሚሰነጠቅ አታሚው ልምዱን በሥራ ካላሳየ አታዙት።

ቦዩን መንደፍ

በምሳሌያችን ቦዩ 5 ሚ.ሜ ዲያሜትር አለው፣ ማዕከሉ ከኮሩ ዘንግ 13 ሚ.ሜ ይርቃል። ኮሩ ከመሃል እስከ ቆዳ 20 ሚ.ሜ ስለሆነ በቦዩ ጠርዝና በቆዳው መካከል 4.5 ሚ.ሜ ብረት ይቀራል። ሁለት ጠመዝማዛ ቦዮች ይጠላለፋሉ፤ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል፣ ጫፉ ሥር በድልድይ ይገናኛሉ። የእያንዳንዱ እርምጃ 24 ሚ.ሜ ነው፣ ስለዚህ ጎረቤት ቦዮች ከማዕከል እስከ ማዕከል 12 ሚ.ሜ ይራራቃሉ። ጠቅላላ ርዝመቱ 400 ሚ.ሜ ገደማ ይመጣል። ለቀጭን ምርት ቦዩ ከ4 እስከ 8 ሚ.ሜ፣ የጎረቤት ርቀቱ የዲያሜትሩን ከ2 እስከ 3 እጥፍ፣ ከማዕከል እስከ ቆዳ ያለው ርቀት ደግሞ 1.5 እጥፍ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው።

ኮሩ 1 ዲግሪ ዘንበል ያለ ከሆነ በ55 ሚ.ሜ ቁመት በእያንዳንዱ ወገን 1 ሚ.ሜ ያህል ይጠባል። ቦዩም አብሮ መጥበብ አለበት። ብዙ ንድፍ ላይ ጠመዝማዛው ቀጥ ያለ ሆኖ ይሳልና ጫፉ ላይ ግድግዳው ሳይታወቅ ይሳሳል። ኩባያው በባዶ አየር (ቫኪዩም) ኮሩ ላይ እንዳይጣበቅ መሃል ላይ የአየር ቫልቭ የምታስገቡ ከሆነ ድልድዩ መሃሉን ዞሮ ይለፍ፣ ከማንኛውም ቀዳዳ ቢያንስ 3 ሚ.ሜ ይራቅ።

ክብ ቦይ እስከ 8 ሚ.ሜ ድረስ ያለ ድጋፍ ይታተማል። ከዚያ ሲበልጥ ጣሪያው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ድጋፍ ቢደረግለት ደግሞ ከውስጥ የሚያወጣው የለም። ሰፊ ቦይ ካስፈለገ ራሱን የሚሸከም የጠብታ ቅርጽ ስጡት፣ ጫፉ ወደ ላይ። የማዕዘን ቦታዎችን ሁሉ አጠጋጉ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው። ውሃውን በሁለትና በሦስት ቅርንጫፍ አትክፈሉት። ውሃ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ አንዱ ቅርንጫፍ ትንሽ ከጠበበ ቀስ እያለ ይሞታል፣ እናንተም መግቢያና መውጫው ላይ ውሃ ስለምታዩ አታውቁትም። አንድ መግቢያ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ መውጫ። ጫፉ የተዘጋ ቦይም አይኑር፤ ዱቄቱ የሚወጣበት የለውም።

ትርፍ ብረት እንዲህ እንተዋለን፦ ፕላስቲክ በሚነካው ፊት 0.5 ሚ.ሜ፣ በመሠረቱ ላይ 1 ሚ.ሜ። የውሃ መግጠሚያ ጥርስ አይታተምም፤ ቦታው ወፈር ተደርጎ ትንሽ መሪ ቀዳዳ ብቻ ይተዋል፣ ለአንድ ስምንተኛ ኢንች ጥርስ በኋላ በ8.8 ይበሳል። የጎማ ቀለበት መቀመጫም በማሽን ይወጣል።

ከሁሉ በላይ ግን የማጣቀሻ ፊት ይኑር። ቦዩ ከውስጥ ስለሆነ አይታይም። ቁራጩ ቶርኖ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዘንበል ብሎ ቢታሰር ውጩ ትክክል ክብ ሆኖ ይወጣል፣ ከውስጥ ግን አንድ ወገን ይሳሳል። ስለዚህ መሠረቱ ላይ ከቦዩ ጋር አብሮ የሚታተም ክብ አንገትና ጠፍጣፋ ምልክት እናስቀምጣለን። ማሽን ላይ የሚታሰረውም፣ በዳያል መለኪያ የሚስተካከለውም በዚያ ብቻ ነው።

ትዕዛዙ ላይ የሚጻፍ

የንድፉን ፋይል በስቴፕ (STEP) ላኩ፣ በኤስቲኤል (STL) አይሁን፤ ኤስቲኤል ክቡን ወደ ሦስት ማዕዘኖች ይሰባብረዋል፣ የመለኪያ አሃድም አይይዝም። የፕላስቲኩ መኮማተር (ለፖሊፕሮፒሊን ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ) ንድፉ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። ዲዛይነሩ አንድ ጊዜ፣ አታሚው ሁለተኛ ጊዜ ከጨመሩት 40 ሚ.ሜው 0.6 ሚ.ሜ ያህል ተርፎ ይመጣል።

አታሚው ይህን ቅደም ተከተል እንዲከተል ጠይቁ፦ ቁራጩ ገና ከሳህኑ ሳይለይ ዱቄቱን ከቦዩ አራግፎ በአየር ማጽዳት፣ ከዚያ የውስጥ ውጥረቱን የሚያላላ ማሞቂያ፣ ከዚያ በሽቦ ኢዲኤም (በኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚቆርጥ ሽቦ) ከሳህኑ መቁረጥ። ማሞቂያው ከቀደመ የቀረው ዱቄት ይያያዝና በአየር አይወጣም። መቁረጡ ከቀደመ ደግሞ ውጥረቱ ቁራጩን ያጎብጠዋል። በመጨረሻ የሚደረገውን የ490 ዲግሪ ማጠንከሪያ ለእኛ ይተውልን እንላለን፤ 35 ላይ ሆኖ ጥርስ ማውጣትና መቁረጥ ቀላል ነው።

ከኮሮቹ ጋር በአንድ ሳህን ላይ 2 የሙከራ ቁራጭ ይታተም፦ አንዱ 10 ሚ.ሜ ጎን ያለው ኪዩብ፣ ሌላው በመሃሉ 5 ሚ.ሜ ቦይ አግድም የሚያልፍበት ጡብ። ኪዩቡ ጥንካሬ ይለካበታል። ጡቡን በመጋዝ ለሁለት ክፈሉት። የቦዩ ወለል ደህና ለስላሳ ሆኖ ጣሪያው ላይ ግን ጤፍ የተረጨበት የሚመስል ሸካራ ነገር ታያላችሁ፤ በከፊል ቀልጠው የቀሩ ጠብታዎች ናቸው። ጥቂቱ የሚጠበቅ ነው፣ ውሃውን ስለሚያውከው ለማቀዝቀዝ እንኳ ይረዳል። ጣሪያው በጉልህ ወርዶ ቦዩ ከክብ ወደ ግማሽ ጨረቃ ከተለወጠ ግን ኮሩ ውስጥም እንዲሁ ነውና ከመቀበል በፊት ተነጋገሩ።

ደረሰኙ ላይ ዕቃው የፕላስቲክ ኢንጀክሽን ሞልድ አካል መሆኑ ይጻፍ። የጉምሩክ ምደባው 8480.71 ነው፤ በደፈናው “የብረት ዕቃ” ተብሎ ከመጣ ክርክር ያመጣል፣ ዕቃችሁን ለማስረዳት ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለ።

ዕቃው ሲደርስ

ሳጥኑ እንደተከፈተ ማሽን ላይ አትሰሩት። መጀመሪያ መዝኑት። የምሳሌያችን ኮር ከነትርፍ ብረቱ 695 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የንድፉን መጠን በኩብ ሴንቲ ሜትር ወስዶ በ8.05 ማባዛት ነው። ቦዩ 8 ኩብ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል፤ በልቅ ዱቄት ሙሉ ቢሆን 33 ግራም ያህል ይጨምራል። በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይታያል። ይሁን እንጂ የህትመት ልክ መዛባት ብቻውን 10 ግራም ሊያሳስት ስለሚችል ሚዛን ትንሽ ድፍን አይዝም።

ስለዚህ ሽቦ ይከተላል። ቀጭን የብስክሌት ፍሬን ኬብል፣ ጫፉ በብየዳ የተድበለበለ፣ ከመግቢያው እያዞሩ መግፋት። ጠመዝማዛ ስለሆነ እስከ ድልድዩ ከገባ በቂ ነው፤ ከመውጫው በኩል ይደገማል። ከዚያ ኮሩን በላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን እየቀጠቀጡ ደረቅ አየር መንፋት፣ መውጫውን በነጭ ጨርቅ መያዝ። ጨርቁ ላይ ግራጫ እስካለ ድረስ ዱቄት አለ። ዱቄቱ ኒኬልና ኮባልት ያለበትና ከ0.05 ሚ.ሜ ያነሰ ደቃቅ ነው፤ ጥሩ የአቧራ ማስክና ጓንት አድርጉ፣ አየሩን ወደ ሰው አትንፉ፣ ጨርቁን ከምግብ አርቁ።

በመጨረሻ የውሃ መጠን። 20 ዲግሪ ውሃ በ5 ሚ.ሜ ቦይ ውስጥ በደንብ ታውኮ ሙቀት እንዲቀበል በደቂቃ 2.4 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ሊትር ጆግ ሲለካ 25 ሰከንድ ነው። ግማሽ ባር ግፊት እንኳ ይህን በቀላሉ ማሳለፍ አለበት። አራቱን ኮሮች በአንድ ዓይነት ግፊት ለኩና ሰከንዶቹን መዝግቡ። ሦስቱ 20፣ 21፣ 20 ብለው አራተኛው 34 ካለ እዚያ ውስጥ የቀረ ነገር አለ። ያ ወረቀት የኮሮቹ የልደት ወረቀት ነው፣ ሞልዱ እስካለ ድረስ ይፈለጋል።

ማሽኒንግና ማጠንከር

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የመሠረቱን ፊት ማስተካከል፣ የውሃ ቀዳዳዎቹን መብሳትና ጥርስ ማውጣት፣ የጎማ ቀለበቱን መቀመጫ ማውጣት፣ ውጩን በወገን 0.15 ሚ.ሜ እስኪቀር ቶርኖ ላይ ማውረድ፣ ማጠንከር፣ ከዚያ መፍጨትና ማለስለስ። ብረቱ ሲጠነክር 0.1 በመቶ የሚጠጋ ይኮማተራል፤ በ40 ሚ.ሜ ላይ 0.03 ወይም 0.04 ሚ.ሜ ነው። የመጨረሻውን ልክ ከማጠንከሩ በፊት ያወጣ ሰው የሚያጣው ይህንኑ ነው። በሚቆረጥበት ጊዜ የማቀዝቀዣው ዘይትና ቅርፊት ቦዩ ውስጥ እንዳይገባ ሁለቱን ቀዳዳዎች በቡሎን መዝጋት አይረሳ።

490 ዲግሪ ለማንኛውም ጥሩ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀላል ነው፤ የምድጃውን የራሱን ማሳያ ግን አትመኑ። ቁራጩን የሚነካ ሌላ ቴርሞኮፕል አስገቡ። ምድጃው 30 ወይም 40 ዲግሪ ከፍ ብሎ ለሰዓታት ከቆየ ብረቱ ይበስልና መልሶ ይለሰልሳል። በማይዝግ ብረት ፎይል ብትጠቀልሉት ጥቁር ቆዳው ይቀንሳል። ቁራጩ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ካለ በእንፋሎት ይፈነዳልና ቦዩን ቀድሞ ማድረቅ ግድ ነው። መብራት ቢጠፋስ? አትደናገጡ። ይህ ብረት የሚጠነክረው በሙቀቱ ላይ በቆየበት ጊዜ ድምር ነው። ምድጃውን ሳትከፍቱ ጠብቁ፣ ሲመጣ መልሳችሁ አሙቁ፣ ከ480 በላይ የቆየበትን ጊዜ ብቻ ደምራችሁ 6 ሰዓት ሙሉ። ሲያልቅ የሙከራ ኪዩቡን ለኩ፤ ከ50 በታች ከሆነ ኮሩም ያው ስህተት አለበት።

ማለስለሱ ላይ ብዙ ሰው ያበዛዋል። ፖሊፕሮፒሊን መስታወት በሚመስል ኮር ላይ በባዶ አየር ይጣበቃል። በ400 ከዚያ በ600 ወረቀት፣ ጭረቱ ምርቱ በሚወጣበት አቅጣጫ ቁልቁል እየሄደ፣ ይበቃል። የታተመ ብረት ውስጥ አልፎ አልፎ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ ሊወጣ ስለሚችል ለጥርት ያለ ምርት፣ እንደ መነጽር ላሉ፣ ይህን ዘዴ አንመክርም።

መፍጨቱ ካለቀ በኋላ ግፊት ሙከራ። ቦዩን ውሃ ሙሉ፣ አየሩ ይውጣ፣ መውጫው ይዘጋ፣ በእጅ መሞከሪያ ፓምፕ ወደ 10 ባር ከፍ ይበልና 30 ደቂቃ ይቆይ። መርፌው ከወረደ ወይም ቆዳው ላይ ላብ ከታየ በህትመቱ ሳይቀልጥ የቀረ ቦታ አለ። በተጨመቀ አየር በፍጹም አትሞክሩ፤ ቢሰነጠቅ ብረቱን ይወረውራል። ከመፍጨቱ በፊት የተሞከረ ኮር እንዳልተሞከረ ይቆጠራል፤ የሚያፈሰው የመጨረሻው አሥረኛ ሚሊ ሜትር ሲወጣ ነውና።

የመጀመሪያው ቀን

አዲሱ ኮር ሲገባ አሮጌውን የማሽን ቅንብር እንዳለ አትተዉት። ሞልድ ሲቀዘቅዝ ፖሊፕሮፒሊን የሚኮማተረው በትንሹ ነው፣ ስለዚህ ኩባያው ከበፊቱ ተለቅ ብሎ ይወጣል። ለዓመታት የሚገጥመው ክዳን አልገጥም ሊል ይችላል። ኩባያውን ወዲያው ሳይሆን ከ24 ሰዓት በኋላ ለኩ፣ ልዩነቱን በማሸጊያ ግፊት (ሞልዱ ከሞላ በኋላ ፕላስቲኩን በሚይዘው ግፊት) እና በውሃው ሙቀት አስተካክሉ። የማቀዝቀዣ ሰዓቱን በአንዴ አትቁረጡ፤ ግማሽ ግማሽ ሰከንድ እየቀነሳችሁ በየደረጃው 30 ምት ጠብቁ። በመግቢያና በመውጫ ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ ከበለጠ ውሃው አንሷል።

ውሃው

እዚህ ላይ እንድትዘገዩ እንለምናለን። 1 ሚ.ሜ የኖራ ቅርፊት ቦዩ ውስጥ ቢጋገር ሙቀትን የሚከለክለው 10 ሚ.ሜ ብረት የተጨመረ ያህል ነው፤ የቅርፊቱ ማስተላለፍ አቅም የብረቱ አንድ አሥረኛ ብቻ ነውና። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተን ቦዩን ወደ ቆዳው ያስጠጋነውን መልሰን ወደ ውስጥ አራቅነው ማለት ነው። በትራፓኖ የተበሳ ቀጥ ያለ ቀዳዳ በዘንግ ይጠረጋል። ጠመዝማዛ ቦይ አይጠረግም።

ስለዚህ ከቧንቧ ወይም ከጉድጓድ ቀጥታ አታገናኙ። የሚሽከረከር ዝግ መስመር ሥሩ፦ 500 ሊትር ሮቶ፣ ፓምፕ፣ 50 ማይክሮን ማጣሪያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሞልድ፣ ተመልሶ ሮቶ። ማጣሪያው ከሞልዱ በፊት ይሁን፣ ከፊቱና ከኋላው የግፊት መለኪያ ይኑረው፤ ልዩነቱ ሲጨምር ይታጠባል። በክረምት የአዌቱ ወንዝ ደፍርሶ ሲሞላ ያየ ሰው ያ ጭቃ በ5 ሚ.ሜ ቦይ ውስጥ ምን እንደሚሆን አይጠፋውም።

ጅማ አንድ ጸጋ አላት፣ ዝናብ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብ ማዕድን ስለሌለው ቅርፊት አይሠራም። የወቅቱን የመጀመሪያ ዝናብ አሳልፉ፣ ጣሪያው ታጥቦ ካበቃ በኋላ ያለውን ሰብስቡ። ሆኖም የዝናብ ውሃ ባዶ ስለሆነ ብረት ይበላል፤ ማሬጂንግ ብረት ደግሞ ይዝጋል። ለዝግ መስመር የሚሸጠውን የዝገት መከላከያ አምራቹ በጻፈው መጠን ጨምሩ፣ ፒኤችውን በወረቀት እየለካችሁ ከ8 እስከ 9 አካባቢ ያዙት። ሮቶው ክዳኑ የገጠመና ብርሃን የማያስገባ ይሁን፣ አለበለዚያ አልጌ ያበቅላል።

ውሃውን ከመጠን በላይ ማቀዝቀዝም ይጎዳል። በዝናቡ ወራት የጅማ አየር እርጥብ ነው፤ ከ15 ዲግሪ በታች ውሃ ስትልኩ ሞልዱ ያልበዋል። ኩባያው ላይ የውሃ ነጥብ ይታያል፣ ማሽኑ ሲቆም ደግሞ ኮሩ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። 18 ወይም 20 ዲግሪ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በተቃራኒው 80 ወይም 90 ዲግሪ ሞልድ የሚፈልግ ፕላስቲክ የምትሠሩ ከሆነ ከተማዋ ከ1,700 ሜትር በላይ መሆኗን አስታውሱ። ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ክፍት ታንክ ያለው ማሞቂያ ፓምፑ ላይ እንፋሎት ይሠራና ውሃው ይቆራረጣል። ያኔ ግፊት ያለው ዝግ ማሞቂያ ያስፈልጋል።

በየወሩ የአንድ ሊትሩን ሙከራ በመጀመሪያው ቀን ግፊት ድገሙና ከልደት ወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ጊዜው በሩብ ያህል ከረዘመ፣ 20 የነበረው 25 ከሆነ፣ እጠቡት፦ 5 በመቶ የሲትሪክ አሲድ ውህድ፣ 40 ዲግሪ ገደማ፣ በትንሽ ፓምፕ ለ1 ሰዓት እያሽከረከሩ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ፣ ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውህድ፣ በመጨረሻ መልሶ መከላከያ ባለበት ውሃ። የመጸዳጃ ቤት አሲድ አታስገቡ። በውስጡ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይህን ጠንካራ ብረት ያሰባብረዋል፤ ስንጥቁ ወዲያው አይታይም፣ ከሳምንታት በኋላ ኩባያው ውስጥ ውሃ ሆኖ ይመጣል።

ሞልዱ ሲወርድ መጀመሪያ ውሃው ይዘጋ፣ ቦዩ መውጫው ጠብታ እስኪያቆም በደረቅ አየር ይነፋ፣ የዝገት መከላከያ ዘይት ጥቂት ይጨመርበት፣ ሁለቱም አፍ በፕላስቲክ ክዳን ይዘጋ። የመጨረሻው የሰከንድ ልክና ቀኑ በወረቀት ተጽፎ ሞልዱ ላይ ይታሰር።